ያልቀመሰችው ሼሪ

ጠርሙሱን አነሳለሁ፣ ዋጋውን አያለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ይሄ ሦስተኛው ነው። ሼሪ ስለሚሉት የወይን መጠጥ የማውቀው ቢኖር የሟቹ ባሌ ወንድም በየበዓሉ ሁለት መለኪያ ካልጠጣ የተጋበዘ እንደማይመስለው ብቻ ነው። ረከስ ያለ ሼሪ ደግሞ ሰፈሬም አይጠፋም። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ እዚህ ድረስ ያመጣኝ ሌላ ነው።

ልጄ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ካርቶን ትከፍታለች። እዚህ መጠጥ መደብር ከተቀጠረች ሦስት ሳምንቷ ነው። መጠጥ ከተወች ዓመት ከሁለት ወር። ለበዓሉ ሴት ልጇን፣ እኔ የማሳድጋትን ሚጣን፣ ቤቷ ወስዳ ልታሳድራት ትፈልጋለች። ሚጣ ገና ሰባት ዓመቷ ነው። “አስቤበት እነግርሻለሁ” ብያታለሁ። ማሰቤ ይኸው ነው፤ በመደርደሪያው መሃል እየተሽሎኮሎኩ የልጄን ዓይን፣ እጇን፣ አረማመዷን መሰለል። ከስንቱ ሥራ መርጣ እዚህ! ሌላ ማን ቀጠረኝ ትላለች። ይሁን፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

“እማዬ፣ እሱን ተይው። ለአጎቴ አይሆንም።”

“ምነው? ዋጋው ደህና ነው እኮ።”

“ስኳር የለውም። ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል፣ መጨረሻው ላይ ለውዝ ይሆናል። ከታች ያለውን ቡናማውን አንሺ፤ ዘቢብ ዘቢብ ይላል፣ ጉሮሮም አይቧጭር።”

ጨው፣ ለውዝ፣ ዘቢብ። ያልቀመሰ ሰው ይሄን ከየት ያመጣዋል?

“እማማ፣ ልጅቷን ይስሟት” ይላሉ ከኋላዬ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ። “እኔ አርባ ዓመት ጠጥቼ እንዲህ መናገር አልቻልኩም።” ይስቃሉ። እኔ ምን ያስቀኛል!

ባንኮኒው ድረስ እጠጋለሁ። “ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?” እላለሁ አንገቴን አስግጌ።

የካርቶን መቁረጫውን ታስቀምጣለች። እናቷን ታውቃታለች። ጎንበስ ትልና ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ፊቴ ላይ እፍ ትልብኛለች። ብርቱካን ይሸታል። ሌላ ምንም።

“ወጣልሽ?”

“እኔ ምን አልኩ?”

“ምንም። ሦስት ጊዜ መጥተሽ ሦስቴም ምንም አላልሽም።”

አፍሬም አላርፍ፤ ብርቱካን ምን ምን ሊደብቅ እንደሚችል ማሰብ እጀምራለሁ። እሷ ከሽርጧ ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥታ ፊቴ ትዘረጋለች።

“የሚቀምሱትን ደንበኞች ሁሉ ምን ምን ይላል ብዬ እጠይቃለሁ። ለውዝ ያለችው አንዲት የጥርስ ሐኪም ናት። ዘቢብ ያለው ባለታክሲ። ጉሮሮ አይቧጭርም ያሉት ደግሞ እኚሁ አባባ።”

“እኔ?” ይላሉ ሽማግሌው ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። “ለካ እኔም እናገራለሁ!”

“ትናንት የገባ አንድ አለ፤ ከዘቢቡም ይረክሳል። እስካሁን የቀመሰልኝ የለም። እማዬ፣ እስቲ አንቺ።”

መለኪያ ታቀርባለች። ጠርሙሱን ክንዷ እስከሚደርስ አርቃ ይዛ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትቀዳለች። ያኔ ጉንጮቿን አያለሁ። ተወጥረዋል። ውሃ ውስጥ እንደጠለቀች ልጅ ትንፋሿን ይዛለች። ቀድታ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ መልሳ ነው እፎይ ብላ የምትተነፍሰው። ሽማግሌው ልብ አላሉም። በቀን ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የምታደርገው? ስንት ሰው ይቀምሳል በቀን?

እጠጣለሁ። ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

“ምን ምን ይላል?”

“እኔ እንጃ ልጄ። የተቃጠለ ስኳር... ትንሽ ደግሞ እንጨት። አዲስ ቁም ሳጥን።”

“ቁም ሳጥን!” ትስቃለች፤ ትጽፈዋለች።

“እሱን ጠቅልይልኝ።” ቦርሳዬን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ደግሞ እከፍታለሁ። “ሚጣ ካልሲ ካላደረገች አትተኛም” እላለሁ።

ቀና ብላ ታየኛለች።

“የኮሪደሩ መብራት እንዳይጠፋ። ወተቱ ላይ ስልባቦት ካየች አፏን አትከፍትም፤ አንሺላት። ትራሷን እልክልሻለሁ፤ በሌላ ትራስ አይሆንላትም። መስኮቱን ደግሞ ከውስጥ...”

“ቀስ በይ እማዬ፣ ቀስ።” አዲስ ገጽ ገልጣለች። ሽማግሌው ተራቸው ደርሶ ሳለ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

“ሌሊት ከነቃች ደግሞ የምትጠራው እኔን ነው። እንዳትቀየሚ።”

እስክሪብቶው ቆም ይላል። ከዚያ እሱንም ትጽፈዋለች።