ሁለት ዓመት የተኖረበት ቤት

ጌቱ ደብረ ማርቆስ ያለውን ቤቱን ሊሸጥ ከገዢ ጋር ዋጋ ከቆረጠ በኋላ ነው ግብር እንዳለበት የሰማው። የነገረው ደላላው ነው፤ ያውም የራሱን ድርሻ ከተስማማ በኋላ። ቤት ገዝቶ አትርፎ የሸጠ ሰው ከትርፉ ከመቶ አሥራ አምስቱን ለመንግሥት ይከፍላል። የሚቀርለት ከመሸጡ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱ ለኖረበት ሰው ነው።

ጌቱ ቤቱን ከገዛው ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ሆኖታል። ነገር ግን አልኖረበትም። የገዛው ዩኒቨርሲቲ ትማር ለነበረችው ልጁ ለወለላ ነበር። እሱ ገበሬ ነው፤ ኑሮው አምበር አጠገብ፣ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ነው። ቤቱን የሚያየው ጤፍ ጭኖ ለገበያ ሲመጣ፣ ምሳውን በልቶ እስኪነሣ ነው።

አሁን ወለላ ተመርቃ ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች። ከቤቱ ዋጋ ለእሷ መቋቋሚያ ተሰጥቶ የሚተርፈው ለአንድ የውኃ ሞተር ይበቃል። ጌቱ በሞተሩ የወንዙን ዳር መሬት በመስኖ ሊያለማ ቆርጧል፤ አባቱ ይህንኑ ሲመኙ ነው የሞቱት። ሱቅ ሄዶ ሞተሩን በእጁ ዳስሶታል፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ አላርፍ ብሏል። ግብሩ ከተከፈለ ግን ሞተሩ ቀረ።

«ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ በላ» አለው ወንድሙ ምስጋናው። «ማን ያውቅብሃል?»

ሁለቱ የሚገናኙት በአባት ነው። ዓምና ተጣልተው ነበር፤ ምስጋናው «ከተማ ቤት ገዝቶ ገብቷል፤ መሬቱ ለእኔ ይሰጠኝ» ብሎ ቢከሰው፣ አገሬው ከቀዬው አንድ ቀን እንኳ እንዳልጠፋ መስክሮለት ጌቱ ረታ። ኋላ ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። ከእርቁ ወዲህ ምስጋናው ከጌቱ ጎን አይጠፋም፤ ጌቱም የሥጋ ነገር እንዲህ ነው እያለ ደስ ይለዋል።

አስቸጋሪው አቶ እንዳላማው ነበሩ። ግብር ቢሮው የሚያምነው ቀበሌ ማኅተም ያሳረፈበት የእድር ደብዳቤ ነው፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ደግሞ የአጥር ጎረቤቱ አቶ እንዳላማው ናቸው። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እግዜር ይስጥልኝ ሲሏቸው እንኳ ማስረጃ የሚጠይቁ ይመስላሉ። ከወለላም ጋር በውኃ ቦይ ተጣልተዋል።

ወንድማማቾቹ ቅዳሜ ረፋድ ሄዱ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ መነጽራቸውን እየወለወሉ ሰሟቸው።

«አንተ እዚህ አልኖርክም» አሉት።

«ልጄ ኖራለች ጋሼ። ቤቱም የእኔ፣ የእድሩ ስምም የእኔ ነው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

ጌቱ አቀረቀረ። መዋሸት እንዲህ ያሳፍራል ብሎ አልገመተም ነበር።

«እዚሁ ነበር ይበሉልኝ» አለ።

አቶ እንዳላማው መነጽራቸውን አድርገው እስክሪብቶ አነሡ። እንቢ ይሉኛል ብሎ ተዘጋጅቶ የመጣው ጌቱ ይባስ ፈራ።

«‹ሳያቋርጥ› የምትለዋ ትግባበት ጋሼ» አለ ምስጋናው። «ያለዚያ እንከን ያወጡለታል።»

ሽማግሌው ምስጋናውን ከላይ እስከ ታች አይተውት ጻፉ፤ «አቶ ጌቱ ላለፉት ሁለት ዓመታት በሰፈራችን አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጡ ኖረዋል።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል» አሉ ወረቀቱን ሲያቀብሉት። «የወረቀት ደግሞ ይብሳል። ከግብር ቢሮው በቀር ለማንም እንዳታሳየው።»

«አሳልፎ ሊሰጥህ ነው» አለ ምስጋናው ከበር ሲወጡ። «አነጋገሩን አላየኸውም?»

ቀበሌው ማኅተሙን አሳረፈ። ምስጋናው ኮፒ ቤት ገባና ከራሱ ኪስ ከፍሎ አራት ኮፒ አስነሣ። «ወረቀት ይጠፋል ወንድማለም» አለ። ግብር ቢሮው ዋናውንና ሁለት ኮፒ ወሰደ፤ አንዱን ጌቱ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ ዕለት ምስጋናው ወሬ ይዞ መጣ። «እንዳላማውን ግብር ቢሮ ሲገባ አየሁት» አለ። «ቶሎም አልወጣ።»

ጌቱ የሐሰት ማስረጃ እንደሚያሳስር ያውቃል። ሰኞ ተደውሎ ቢሮው እንደሚፈልገው ተነገረው። ከአምበር እስከ ማርቆስ ሚኒባስ ውስጥ የሚናገረውን ሲያወጣና ሲያወርድ ሄደ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግብሩን እከፍላለሁ፤ ሞተሩም ይቅር።

ሠራተኛዋ ፋይሉን ገለጠች። «የእድሩን ጸሐፊ ጠርተን ጠይቀናቸው ነበር» አለችው።

ጌቱ ያዘጋጀውን ይቅርታ ሊጀምር ሲል ቀጠለች።

«በጻፉት ጸንተዋል። ግብር የለብዎትም፤ እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ከዚያ እንደወጣ በቀጥታ አቶ እንዳላማው ቤት ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሰውየውን በከንቱ በማማቱ አፈረ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ያ አብሮህ የመጣው ምንህ ነው?»

«ወንድሜ ነው። የአባቴ ልጅ።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ።

በሳምንቱ ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ አምበር ገባ። ምስጋናው ወረዳ ጉዳይ አለኝ ብሎ ለማውረድ አልመጣም፤ ጎረቤት ተረባርቦ አወረደው። ውኃው ከወንዙ ወጥቶ የአባቱን መሬት ሲያረሰርስ ጌቱ ሰው ፊት አለቀሰ። አባቱ ይህን ባዩ ብሎ ነው ያለቀሰው።

ሚሊሻው የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ ሲደርስ ጌቱ እጁን ከጭቃው እንኳ አላጠበም ነበር። ከሳሹ ምስጋናው ነው፤ ጌቱ መሬቱን ጥሎ ከተማ ስለገባ ይዞታው ይተላለፍልኝ ይላል።

ከክሱ ጋር የተያያዘው ማስረጃ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ «አቶ ጌቱ ላለፉት ሁለት ዓመታት በሰፈራችን አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጡ ኖረዋል።»