ዳክዬዋ የማታየው ገንዘብ

ማንግ ዶክሱ የደቡብ ኮሪያዋ የዴጉ ከተማ ሰው ነው። እንደ አገሩ ጨዋ ባል ሁሉ ደመወዙ በወጣ ቀን ሚስቱ ፒዮ ራንሂ እጅ ይገባል፤ እሷም የኪስ ገንዘብ ትቆርጥለታለች። ምሳው፣ ሲጋራው፣ ከአለቃው ጋር የሚጠጣው ሁሉ ከዚያችው ነው።

በዚህ ኑሮ ዘጠኝ ሚሊዮን ዎን ማጠራቀሙ ተአምር ነው እንዳትሉ። ቅጥፈት ነው። ሠርግ ሲጠራ ሚስቱ ለስጦታ ከሰጠችው ገንዘብ ፖስታው ውስጥ ግማሹን ከትቶ ሙሉውን ሰጠሁ ይላል። የባልደረባው የቦንግ ጁንቴ እናት ደግሞ፣ ለለቅሶ ገንዘብ ሲባል፣ ሁለት ጊዜ ሞተዋል። ሴትዮዋ ዛሬም በየእሑዱ ተራራ ይወጣሉ።

ገንዘቡ የተቀመጠው «ድብቅ ሒሳብ» በሚሉት ነው። በስልክ ቢፈልጉት አይገኝም፤ ለማስገባትም ለማውጣትም በአካል ባንኩ መስኮት ድረስ መሄድ ግድ ነው። ዶክሱ ብልጥ ነኝ ብሎ ከቤቱም ከመሥሪያ ቤቱም የራቀ፣ የሚያውቀው ሰው ዝር የማይልበት ቅርንጫፍ መርጧል። ሐሳቡ በፖሃንግ ወደብ ለሽያጭ የቆመች አንዲት አሮጌ የዓሣ ጀልባ ላይ ነው። ዋጋዋ ሞልቶለታል። በዚህ ዓለም የኔ የሚለው ነገር ቢኖረው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቅዳሜ ራንሂ ስልኳን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የሱልጊ አባት፣ አከራያችን የቤቱን መያዣ ገንዘብ ጨምሩ ብላለች» አለችው፤ ሱልጊ ልጃቸው ናት። «ገንዘባችን የት እንደሚገባ እንወቅ። ሁለታችንም ወጪያችንን የምንይዝበት አፕ እንምረጥ።»

ዶክሱ የያዘውን ሐብሐብ ሳህኑ ላይ መለሰ።

የመጀመሪያው አፕ የባንክ ሒሳብና ካርድ ሁሉ ለቃቅሞ ባንድ ገጽ የሚያሳይ ነበር። ዶክሱ ድብቁ እንደማይታይ ያውቃል፤ የሌባ ልብ ግን መቼ ያርፋል።

«ይሄማ አደጋ ነው፤ ስልካችን ቢሰረቅስ?» አለ።

«እውነትህን ነው» አለች ወዲያው። ለክርክር ወገቡን ያሰረው ሰውዬ ባዶ እጁን ቀረ።

ሁለተኛው ከባንክ የሚመጣውን መልእክት እያነበበ ወጪውን ራሱ ይመዘግባል። ዶክሱ ሰበብ ሲፈልግ እሷ ቀደመችው።

«የሰው መልእክት የሚያነብማ ነውረኛ ነው። ይለፈን።»

ሦስተኛው የመታወቂያ ቁጥር ጠየቀ፤ እሱም ተባረረ። በመጨረሻ አንዲት ቢጫ ዳክዬ ያለችበት ቀረ። ዳክዬዋ በራሷ የምታውቀው አንዳች ነገር የለም፤ የነገሯትን ብቻ ትጽፋለች፣ ወጪው ሲበዛባት ደግሞ ትሳደባለች።

«ይቺ ትሁን» አሉ ባልና ሚስት ባንድ አፍ።

ሰኞ ዕለት ዶክሱ በለስ ቀናኝ ብሎ ለጁንቴ ሲያወራ፣ ጁንቴ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ የዋህ፣ ምኑ ነው የቀናህ? እንዲህ ቶሎ የተስማማችው ልትፈትንህ ነው። በእጅህ የጻፍከውን ይዛ ሌላ ቦታ ታመሳክራለች። የኔዋም እንዲሁ ነው ጉድ የሠራችኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ወይ ገንዘቡን ቶሎ አውጥተህ ጀልባህን ግዛ፤ ወይ ሳትያዝ ተናዘዝ። ቀድሞ የተናዘዘ ግማሹ ይማርለታል። እናቴን ግን ከእንግዲህ አትግደልብኝ።»

ማታ ዶክሱ ለምሳ ያወጣውን ሲጽፍ ዳክዬዋ «አንተ ሆዳም» አለችው። ራንሂ ሳቀች።

«ገንዘብ የሚደብቅ ሰው ፊቱ ያስታውቃል ይላሉ፤ እውነት ይሆን?» አለችና ወደ መስታወቱ ዞራ ፀጉሯን አስተካከለች።

ዶክሱ የጁንቴን የመጀመሪያ ምክር ያዘ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ገንዘቡን አውጥቶ ለጀልባዋ ባለቤት ሊልክ ባንክ ሄደ። በሩን ገፋ ሲያደርግ ራንሂ የተራ ቁጥር ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ተከታትላኛለች፣ አለ በልቡ። ዞሮ እንዳይወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጭተዋል። የእሷ ፊት በርበሬ መስሏል።

«አንተ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዶክሱ ግን አፉን ከፈተው። ድብቁን ሒሳብ፣ የሠርጉን ፖስታ፣ የጁንቴን እናት ሁለት ሞት፣ ጀልባዋን፣ አንድ ሳያስቀር ዘከዘከው።

«ሁሉን ደርሰሽበት እንደመጣሽ ገብቶኛል» ብሎ ጨረሰ።

ራንሂ ረጅም ትንፋሽ አወጣች፤ ትከሻዋ ረገብ አለ። ዶክሱ ሐዘን መሰለው።

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ሚሊዮን።»

«አውጣው። ለቤቱ መያዣ ይሆናል።»

ቁጥሯን ሰጥታው ቀድሞ አወጣው፤ እሷም ሌላ ቁጥር ያዘች። ፖስታውን በሁለት እጁ ሲያቀብላት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጀልባዋ ሄደች። ግን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለለው። ከስንት ዓመት በኋላ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት።

«በል አሁን ወደ ሥራህ ሂድ» አለችው።

«አብሬሽ ልቁም እንጂ።»

«ሂድ እባክህ፣ ይረፍድብሃል። አለቃህ ይቆጣል።»

«ይቆጣ። ከዛሬ ወዲያ በመሃላችን የሚደበቅ ነገር የለም» አለና ጃንጥላዋን ተቀብሎ ከኋላዋ ቆመ።

ቁጥሯ ተጠራ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ራንሂን ስታይ ከወንበሯ ብድግ ብላ እጅ ነሳች።

«እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ፒዮ። ዛሬስ ከድብቅ ሒሳቦችዎ የትኛው ላይ ላስገባልዎ?»