ከአናት በላይ

መምህር እንድሪያስ በሰመራው ሙቀት እያላበው ሰሌዳው ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈ፤ ፒክ፣ ሰሚት፣ ዜኒት። "ሁሉም ከፍታ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። ፒክ የተራራ ሹል ጫፍ ነው። ሰሚት ደክመን ወጥተን የምንቆምበት አናቱ ነው። ዜኒት ግን አይወጣም፤ ልክ ከአናታችን በላይ ያለው ሰማይ ነው። እስቲ በዜኒት ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ?" አለና፣ ጉሮሮው ስለደረቀ ሃይላንዱን ከፍቶ ጎንጨት አለ።

ተማሪዎቹ እንዳያሳፍሩት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሂያም ግን ተነሥታ፣ ከንፈሯ እንደደረቀ፣ በትሕትና መለሰችለት። "ፀሐይ ዜኒት ላይ ስትሆን ማፍጠሪያው ገና ሩቅ ነው፣ ቲቸር።"

ረመዳን መሆኑ ያኔ ትዝ አለው። ዳግም ተጎንጭቶ አፉ የያዘውን ውሃ መዋጥም መትፋትም አቃተው።