ሰው የሚቆጥረው በር

ማዘጋጃ ቤቱ በመሀል ከተማው ቤቶች ሁሉ ሰው የሚቆጥር በር ካስገጠመ ወዲህ፣ በወር ሁለት መቶ ሰው ያልገባበት ቤት ፈርሶ ሱቅ ይሆናል። የጋሽ ወንድይራድ በር ዘጠና አንድ ላይ ቆሟል፤ ወሩ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ቀን ነው።

ጋሽ ወንድይራድ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። ልጃቸው ውድነሽ ሾርባ ይዛላቸው ገባች።

«የጎረቤታችን የአልጋነሽ ቤት እንዴት ተረፈ?» አሏት።

«አባቷ ሞቱላት። ለለቅሶው አራት መቶ ሰው ገባ» አለች፣ ዓይኗን ከፊታቸው ላይ ሳትነቅል።

ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣ ከደጅ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ሲራገፉ ተሰማቸው። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ማን ሞተ ልጄ?»

ውድነሽ ትራሳቸውን ቀስ ብላ አስተካከለችላቸው።

«ጠጣው እንጂ አባዬ፣ ሳይቀዘቅዝ።»