ነፋስ የማያስገባው ግንብ

መሐንዲሷ በፋብሪካው ጋዝ ማጠራቀሚያ ዙሪያ ያሠራችውን ግንብ በደረጃው ወጥታ ቁልቁል ስታይ፣ ሽማግሌው ዘበኛ እዚያው ውስጥ በምድጃ ከሰል አቀጣጥለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይሞቃሉ። ጋዙ ከቦቴ ሲገለበጥ ቆማ ስላደረች ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ወረደችና ምድጃውን በጓንቷ አንስታ ይዛው ወጣች። ከግንቡ ውጭ የደብረ ብርሃን የጠዋት ነፋስ አመዱን ፊቷ ላይ በተነው።

«አባባ፣ ይህ ግንብ እኮ ጋዙ ድንገት ቢፈስ ወጥቶ እንዳይሄድ የሚይዝ ነው» አለች በደከመ ድምፅ። «ፈሳሽ እንዲሆን በጣም የቀዘቀዘ ስለሆነ እንደ ጉም መሬት ላይ ይተኛል። አንድ ፍም ካገኘ አለቀልን።»

ተከትለዋት የወጡት ዘበኛ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ግንቡን አዩት፤ ከዚያም እሷን።

«እኔ ደግሞ ለእኛ ለዘበኞቹ ብለሽ ያሠራሽው መስሎኝ» አሉ። «እዚያ በተጠለልኩ ቁጥር ስመርቅሽ ነው የከረምኩት።»

ምድጃውን የምታስቀምጥበት ፈለገች። ከግንቡ እስከ አጥሩ ድረስ ሰውን ከነፋስ የሚያስጥል አንድም ነገር አልነበረም። ሙቀቱ በጓንቷ ዘልቆ እጇን መለብለብ ጀመረ፤ እሷ ግን ምድጃውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።