አማት ሲገቡ
የባዩ አማት፣ የሚስቱ አባት፣ ከሐሙሲት ደብረ ታቦር ድረስ ሊጠይቁት መጥተው በሆስፒታሉ ክፍል በር ብቅ ሲሉ፣ አስታማሚዎቹ ሁሉ «ኖር» እያሉ ተነሡ። ባዩ ብቻ አልጋው ላይ ቀረ። ዳሌው ውስጥ የተተከለለት ብረት ቁስሉ ስላመረቀዘ ወጥቷል፤ በምትኩ መድኃኒት የተለወሰበት የአጥንት ስሚንቶ ገብቷል። አዲሱ ብረት የሚገባው መግሉ ጨርሶ ሲጠፋ ነው። እስከዚያ ከቆመበት ስሚንቶው ሊሰበር እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮታል።

ግን አማቱ ቆመው እሱ ተኝቶ አያውቅም። ሳያስበው የአልጋውን ጠርዝ ጨብጦ ደህናውን እግሩን ወደ ወለሉ አወረደ። ሚስቱ ፈንታነሽ ደረቱን በሁለት እጇ ተጫነችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዳግም ልትቀደድ ነው?»

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተኛ» አሉ ሽማግሌው።

መነሣትም መተኛትም አቃተው። ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው ጥቂት አዩትና ወደ ኋላቸው ተመልሰው ወጡ፤ በሩንም ገርበብ አደረጉት። ባዩ ተቀየሙኝ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ። ከውጭ አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

«ጤፉ ታጭዷል» አሉ በበሩ ክፍተት። «ላሟም ወልዳለች።»

«ኧረ ይግቡ፣ አባቴ።»

«እዚሁ ደህና ነኝ። የምትነሣልኝ ቀን እገባለሁ።»