የእትዬ ዘርትሁን ምስክርነት

ለፖሊስነት ስመዘገብ ፈተናውም ሩጫውም አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ የጀርባ ጥናቱ ነበር። አጣሪው ሰፈር ድረስ መጥቶ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ደግሞ እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ትራምፔት ስለማመድ፣ እሳቸው ግድግዳውን በዘነዘና ሲደበድቡ ኖረዋል። ሦስቴ ቀበሌ ከሰውኛል።

አጣሪው የመጣ ቀን ከበሩ ጀርባ ተለጥፌ አዳመጥኩ።

«ጠባዩ እንዴት ነው፣ እናቴ?» አላቸው።

«የሱ? ወርቅ ልጅ እኮ ነው! ጨዋ፣ ሰው አክባሪ፣ ድምፁ እንኳን የማይሰማ!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስንት ጊዜ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ!

አጣሪው አመስግኖ ሊሄድ ሲል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጠይቁት ሰማሁ።

«ልጄ፣ ማሰልጠኛው ሩቅ ነው አይደል? አዳሩስ እዚያው ነው?»